ቁጥሩን አይቶ ጥያቄውን የማያይ ልጅ

"ልጄ 2ኛ ክፍል ናት፣ 45 ሲደመር 28 ትሰራለች፣ በታሪክ ሲመጣ ግን ልደምር ልቀንስ እያለች ታፈጥብኛለች" ላልሽው እህቴ፣ የኔውም እንደዛ ነበር፣ እዚሁ ባህር ዳር አምና ማታ ማታ በሱ ነበር የምንጨቃጨቀው።

ጥፋቱ የራሴ ነው። "ቀረ ካለ ቀንስ፣ ይበልጣል ካለ ደምር" ብዬ አስጠናሁት፣ ሁለት ሳምንት ሰራ። ከዛ "አባባ ለጎረቤት 4 ቆሮሶ አሳ ሰጥተው 9 ቀራቸው፣ መጀመሪያ ስንት ነበራቸው?" ሲመጣ "ቀረ"ን አየና 5 ብሎ ቁጭ። አንድ ቀን ለነገር ብዬ "ወደ ዘጌ የሚሄድ ጀልባ ላይ 12 ሰውና 5 ፍየል አለ፣ የባለጀልባው ዕድሜ ስንት ነው?" አልኩት። 17 አለኝ በኩራት! (ፈረንሳይ ውስጥ እንዲህ አይነቱን ለ97 ልጆች ሰጥተው 76ቱ ዕድሜ አውጥተዋል፣ እሱን ሳነብ ትንሽ ቀለል አለኝ።)

የኛ ቋንቋ ደግሞ ግሱ መጨረሻ ላይ ነው፣ ልጁ ቁጥሮቹን ቀድሞ ስለሚያገኝ "ሰጠ" ይሁን "ተቀበለ" ሳይደርስበት ይደምርልሻል። ስለዚህ ቁጥሩን ማጥፋት ጀመርኩ። "አባባ አሳ ነበራቸው፣ ለጎረቤት ሰጡ፣ የተወሰነ ቀረ። መቼ ነው የበዛው?" "ሳይሰጡ በፊት ነዋ!" አለኝ እንደ ሞኝ እያየኝ። ከዛ 4 እና 9ን መለስኩለት፣ ቆርኪ ደርድሮ የተሰጠውን ወደ ቦታው መለሰና 13 አለ። ደምር ያለው የለም።

የሚከብደው "በ5 ትበልጣለች" የሚለው ነው። ሄለን 12 ማንጎ አላት፣ ከወንድሟ በ5 ትበልጣለች፣ ወንድሟ ስንት አለው? ሁሉም 17 ይላል። መጀመሪያ "ብዙ ያለው ማነው?" በያት፣ ከዛ ሁለት መስመር ታስምር፣ ረጅሙ የሄለን አጭሩ የወንድሟ፣ የምትበልጥበትን ጫፍ 5 ብላ ትጻፍበት። 7 መሆኑ በአይን ይታያል፣ የኔው ግን እዚህ ላይ ወር ፈጅቷል አልዋሽሽም።

በቀን ሁለት ጥያቄ በቂ ነው፣ አስሩን ካሰራሻት ማንበቧን ትተወዋለች። አልፎ አልፎ ደግሞ ራሷ ጥያቄ ታውጣልሽ። የኔው ያወጣት "ባጃጅ ውስጥ 5 ሰው አለ፣ የሚፈቀደው 3 ነው፣ ትራፊክ ሲመጣ ስንት ሰው ይወርዳል?" የምትል ነበረች።