96 አምጥታ «አለፈች» ብቻ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የክፍሌን ውጤት በኤክሴል ማክሮ (ኤክሴል ራሱ በሚፈጽመው የትእዛዝ ዝርዝር) ነው የምሠራው። 50 እና ከዚያ በላይ ላመጣ «አለፈ»፣ 90 እና ከዚያ በላይ ላመጣ «እጅግ በጣም ጥሩ»፣ ለቀረው «ወደቀ» እንዲል አዝዤዋለሁ። 96 ያመጣችውን ልጅ ግን «አለፈ» ብቻ ይላታል። ያልተፈተኑትንም ጣላቸው። ምን ነካው?
መምህርት፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ ምንም አልነካውም፣ መምህርት። ያዘዙትን ነው የሠራው። ቪቢኤ፣ ማለትም ማክሮው የተጻፈበት ቋንቋ፣ ኢፍን («ከሆነ» የሚለውን ትእዛዝ) የሚያነበው ከላይ ወደ ታች ነው። መጀመሪያ እውነት ሆኖ ያገኘው ላይ ይቆማል፤ የቀሩትን ኤልስኢፎች («አለዚያ ይህ ከሆነ» የሚሉትን) ዞር ብሎም አያያቸው። 96 ከ50 ይበልጣል፣ አለቀ። 90ውን ከላይ፣ 50ውን ከሥሩ ያድርጉት።

እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ ያልተፈተኑት ነገር ነው። ባዶ ሴል (የሠንጠረዡ ሳጥን) ከቁጥር ጋር ሲወዳደር እንደ 0 ይቆጠራል። ልጁ ታሞ ቀርቶ «ወደቀ» ሊባል! ስለዚህ ከሁሉም በፊት ኢዝኢምፕቲ በሚባለው የቪቢኤ ትእዛዝ ሴሉ ባዶ መሆኑን ይጠይቁና «አልተፈተነም» ያስብሉት። እዚህ ላይ «ቁጥር ነው ወይ?» ብሎ የሚጠይቀውን ኢዝኑሜሪክን አይመኑት፤ ባዶውንም ቁጥር ነው ይላል። እሱ የሚጠቅመው ሴሉ ውስጥ «ቀረ» ብለው በፊደል ከጻፉ ነው። አለዚያ ማክሮው ስህተት 13 (የዓይነት አለመጣጣም) ብሎ ቀጥ ይላል። ታዲያ ከ90ው በፊት ራሱን በቻለ ኤልስኢፍ ያስቀምጡት እንጂ ከ90ው ጋር በኤንድ («እና») በአንድ መስመር አያጣምሩት። ቪቢኤ የመጀመሪያው ወገን ውሸት ቢሆንም ሁለቱንም ሳያሰላ አይለቅም።