6146ቱን ከመግዛትህ በፊት ግሪዱን ለካ

ወንድሜ፣ ቲዩቡን ገና አትግዛ። ያልከውን በአጭሩ ልድገመው። የሬዲዮ ትራንስሚተሩ (ማሰራጫው) የፈረንጆቹ 1960ዎቹ ሥራ ነው፤ ወደ አንቴና በሚልከው የመጨረሻ ክፍሉ ላይ 6146 የሚባል አንድ ቲዩብ አለው። የሞርስ ቁልፉን ሳትነካው የፕሌት (ከረንቱን የሚቀበለው የቲዩቡ ብረት) ከረንቱ 50 ሚሊአምፔር ያሳያል። እየሞቀ ሲሄድ ይጨምራል፣ ቆይቶ ፕሌቱ ይቀላል። ስትልክም የፕሌት ማስተካከያውን ብታዞረው ሜትሩ እንደ ድሮው ዝቅ ብሎ አይመለስም። "ቲዩቡ አርጅቶ ይሆን?" ብለህ ጠይቀሃል። ይሆናል። ግን ያረጀ ቲዩብ አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳየው ተቃራኒውን ነው፤ ከረንቱ ይወርዳል፣ ጉልበቱ ይደክማል እንጂ እንዲህ ጣራ አይነካም።

ዋናው ፍንጭ ያቺ ቁልፉ ሳይነካ የምትታየው 50 ሚሊአምፔር ናት። ቁልፉ በግሪድ ባያስ፣ ማለትም ከረንቱን የሚቆጣጠረው የቲዩቡ ግሪድ ላይ በሚቀመጥ ኔጌቲቭ ቮልቴጅ፣ የሚሠራ ነው ብለሃል። እንደዚያ ከሆነ ቁልፉ ሳይነካ ግሪዱ ላይ ያለው ኔጌቲቭ ቮልቴጅ ቲዩቡን ጥርቅም አድርጎ ሊዘጋው፣ ሜትሩም ዜሮ ላይ ሊተኛ ይገባ ነበር። ሂሳቡን እየው። ፕሌቱ ላይ 600 ቮልት ካለ፣ 50 ሚሊአምፔር ማለት 30 ዋት ነው። ወደ አንቴና የሚወጣ ነገር ስለሌለ ሁሉም እዚያው ሙቀት ይሆናል። የ6146 ፕሌት የሚችለው ደግሞ 25 ዋት ነው። ቢቀላ ምን ይገርማል?

ስለዚህ ጥያቄው አንድ ነው፤ ባያሱን ማን በላው? ተጠርጣሪዎቹ ሦስት ናቸው። ራሱ ቲዩቡ፣ ከድራይቨሩ (ከ6146ቱ በፊት ካለው ቲዩብ) ፕሌት ሲግናሉን ወደ 6146 ግሪድ የሚያሻግረው ካፓሲተር፣ እና ባያሱን የሚያመነጨው ክፍል። ሳትገዛም ሳትገምትም መለየት ይቻላል።

መጀመሪያ ግን ነፍስህን። ከሶኬት ብትነቅለውም የፊልተር ካፓሲተሮቹ ቻርጅ ይዘው ይቀመጣሉ። ያንን እንዲያፈስ የተገጠመው ብሊደር ሬዚስተር በዚህ ዕድሜው ተበጥሶ ሊሆን ይችላል፣ አትመነው። ጠንከር ባለ ሬዚስተር ወደ ቻሲው (የማሽኑ የብረት አካል) አፍስሰው፣ ከዚያ በቴስተር ዜሮ መሆኑን እየው። 6146ቱን ስታወጣ ከራሱ ላይ የምታነሳው የፕሌት ሽቦ፣ ማሽኑ ሲበራ 600 ቮልት ይዞ ነው የሚንጠለጠለው። በደንብ ሸፍነህ ከቻሲው አርቀው።

አሁን 6146ቱን አውጣና ድራይቨሩን እንዳለ ተወው። ቁልፉን ሳትነካ አብራውና ከሶኬቱ 5ኛ እግር እስከ ቻሲ ያለውን ቮልቴጅ ለካ። እግሮቹን ከታች በኩል ስታይ መሀሉ ቀዳዳ ላይ ካለችው ጎድጓዳ ምልክት (የሞርስ ቁልፉን ማለቴ አይደለም) ጀምረህ በሰዓት አቅጣጫ ቁጠር። 5ኛው ግሪዱ ነው። ቁጥሩን ከማንዋሉ የቮልቴጅ ሰንጠረዥ ጋር አስተያየው።

ኔጌቲቩ ማንዋሉ እንደሚለው ከሆነና ሞቆም ካልተነቃነቀ፣ ካፓሲተሩም ባያሱም ደህና ናቸው። አጥፍተህ ቲዩቡን መልስ፣ አብርተህ እዚያው እግር ላይ ተከታተል። እየሞቀ ሲሄድ ኔጌቲቩ ቀስ በቀስ ወደ ዜሮ የሚንሸራተት ከሆነ ያኔ ቲዩቡ ራሱ ነው፣ ግዛ። ፕሌቱ መቅላት ከጀመረ ግን አትጠብቅ፣ ወዲያው አጥፋ።

ቲዩቡ ወጥቶም ባያሱ ከጎደለ፣ ወይም ጭራሽ ፖዘቲቭ ከሆነ፣ ቲዩቡን አትውቀሰው። አጥፋ፣ ቻርጁን አፍስስ፣ የማሻገሪያውን ካፓሲተር በግሪዱ በኩል ያለውን እግር አላቅና እንደገና ለካ። ባያሱ ከተመለሰ ሌባው ተያዘ። እንደ ገለጻህ ከሆነ እኔ የምጠረጥረው ይሄንኑ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። ካፓሲተሩን በኦም ለክቶ "ደህና ነው" ይላል። ቴስተሩ የሚሰጠው ጥቂት ቮልት ብቻ ሲሆን ካፓሲተሩ ደግሞ የሚያፈሰው 300 ቮልት ሲያርፍበት ነው። በእጄ ካለፉት አንዱ ቡናማ ሚካ ካፓሲተር ነበር፣ እንደ ከረሜላ የሚያብረቀርቅ፣ ስንጥቅ የለው ቃጠሎ የለው። በኦም ሲለካ ንጹህ ነው። ቮልቴጁ ሲደርሰው ግን የተላቀቀው እግር ላይ ያሰርኩት ሜትር ትንሽ ዝም ብሎ ቆየና ወደ ላይ መሳብ ጀመረ፤ የድራይቨሩን ቮልቴጅ ሊደርስበት ምንም አልቀረው። አንተም እንዲሁ ለካው። 10 ሜጋኦም ባለው ዲጂታል ቴስተር ሁለት ሦስት ቮልት ብታይ አትደንግጥ፣ የግሪዱ ሬዚስተር በአሥር ሺዎች ኦም የሚቆጠር ከሆነ ይህ ኢምንት ነው። ባያስ የሚበላው ወደ ሙሉው ቮልቴጅ የሚጠጋው ነው። ስትቀይረው የካፓሲተሩ መጠን (ፋራዱ) ያው ይሁን፣ የሚችለው ቮልት 1000 ቢሆን ጥሩ ነው።

ካፓሲተሩ ተላቆም ባያሱ ካልተመለሰ ወደ ባያስ ክፍሉ ሂድ። ሬክቲፋየሩን (ኤሲውን ወደ ዲሲ የሚቀይረውን) እና ኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተሩን እይ። ኤሌክትሮሊቲኩን ስትቀይር ልብ በል፣ ቮልቴጁ ኔጌቲቭ ስለሆነ ወደ ቻሲው የሚሄደው የፖዘቲቩ እግር ነው። በልማድ ገልብጠህ ከበየድከው ይፈነዳል።

"ካፓሲተሮቹን በሙሉ ቀይርና ተገላገል" የሚል ምክር ይመጣልሃል። እኔ አልስማማም። ሃያ ቦታ በየደህ ማሽኑ አዲስ ችግር ካመጣ የትኛው ብየዳ እንዳመጣው አታውቅም።

መጨረሻ ላይ ስትሞክረው በአንቴና ሳይሆን በ50 ኦም ዳሚ ሎድ (አንቴናውን ተክቶ ጉልበቱን በሙቀት የሚጨርስ ሬዚስተር) ይሁን። ቲዩቡን በ6146ቢ የምትተካ ከሆነ ደግሞ ኒውትራላይዜሽኑን (ቲዩቡ በራሱ ሲግናል እንዳያመነጭ የሚከለክለውን ማስተካከያ) እንደገና ማየት አለብህ፣ አንዳንድ የድሮ ማሽን ላይ ያስቸግራል። የ5ኛውን እግር ቮልቴጅ ቲዩቡ ወጥቶም ገብቶም ለክተህ ሁለቱንም ጻፍልን፣ የግሪዱ ሬዚስተር ስንት ኦም እንደሆነም ጨምርበት።