ለእግዚአብሔር ነግሬ ለሚስቴ መንገሩን ብተወውስ?

ጥያቄ፦ የ34 ዓመት ሰው ነኝ፤ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። በቁርባን ካገባሁ 6 ዓመት ሆነኝ፤ አንዲት ልጅ አለችን። ሰንበት ትምህርት ቤት አገለግላለሁ። ከ2 ዓመት በፊት በ50 ብር ቤቲንግ ጀመርኩ። የእቁቤን ብር ሳይቀር በላሁት። ለባለቤቴ «እቁቡ ገና አልደረሰኝም» እላታለሁ። ለፍልሰታ አብረን እንቁረብ ስትለኝ ሆዴን አመመኝ ብዬ ቀረሁ። ከቅዳሴ መልስ ጤና አዳም አፍልታ አጠጣችኝ። በየቀኑ «ይቅር በለኝ» እያልኩ እጸልያለሁ፤ የሚያነበው ግን አፌ ብቻ ነው። ለእግዚአብሔር ነግሬ፣ ዕዳውን ቀስ ብዬ ከፍዬ፣ ለእሷ መንገሩን ብተወውስ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ደጋግሜ አነበብኩት። የጠፋው ስንት ብር እንደሆነ ፈልጌ አጣሁ። የጀመርክበትን 50 ብር ጽፈሃል፤ የጠፋውን ግን አልጻፍክም። ስምህን ለማላውቀው ለእኔ እንኳን ካልጻፍከው፣ በጸሎትህም ገና ያልጠራኸው ይመስለኛል።

«ኃጢአተኛ ነኝ» ማለት ማናችንንም አይከብደንም። የሚከብደው «በዚህ ወር ይህን ያህል ብር ከእቁቡ ወሰድኩ፤ በሳምንት ጨረስኩት፤ ማታ ቤት ገብቼ ዋሸሁ» ማለት ነው። እግዚአብሔር አዳምን «ወዴት ነህ?» ሲለው የተደበቀበት ጠፍቶት አልነበረም። ራሱ አፍ አውጥቶ እንዲናገር ዕድል ሲሰጠው ነው። መዝሙር 50ን፣ «እግዚኦ መሐረኒ»ን፣ በቃልህ እንደምታውቀው እገምታለሁ። ርእሱን ልብ ብለኸዋል? ዳዊት ስለ ቤርሳቤህ ነቢዩ ናታን ከወቀሰው በኋላ የጸለየው ነው። ከጸሎቱ በስተጀርባ የታወቀ በደል አለ፤ የተጎዱ ሰዎችም አሉ።

ስለዚህ ዛሬ ማታ ወረቀት ያዝ። ለእግዚአብሔር በራስህ ቃል ጻፍለት። ብሩን በቁጥር፣ ውሸቱንም እንደተናገርከው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጄምስ ፔኔቤከር እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተመው ጥናት፣ ተማሪዎች ስለደረሰባቸው ከባድ ነገር ለ4 ቀናት በየቀኑ 15 ደቂቃ እንዲጽፉ አድርጎ ነበር። የሆነውንም የተሰማቸውንም አንድ ላይ የጻፉት በቀጣዮቹ ወራት ወደ ሐኪም መመላለሳቸው ቀነሰ። በጻፉበት ዕለት ግን ስሜታቸው ከፍቶ ነበር። አንተም መጀመሪያ ይብስብህ ይሆናል። አትደንግጥ።

ለእሷስ መንገሩን ልተወው ወይ ላልከኝ፣ አይሆንም። ብሩ የብቻህ አይደለም። ዘኬዎስ ለጌታ ተናግሮ አልቀረም፤ ለበደላቸው ሰዎች አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ። ደግሞ «ቀስ ብዬ ከፍዬ» የሚለው ሐሳብ በጣም ያሰጋኛል። ተደብቆ የሚከፍል ሰው ይቸኩላል፤ የቸኮለ ደግሞ «ይቺን ብቻ ልመልስ» ብሎ እንደገና ይወራረዳል። ይህን ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ለብቻህ ማቆም ካቃተህ ሱስ ነውና ባለሙያ ጋር ሂድ፤ ሕክምና አለው።

የንስሐ አባታችሁ አንድ ከሆኑና ከፈራህ፣ የነገርካቸውን ለእሷ አያወጡም። ቀድመህ እሳቸው ጋር መሄድ ጥሩ ነው። ግን «ለአባታችን ተናግሬአለሁ» ብለህ እሷን እንዳታልፋት።

ልጃችሁ ስትተኛ፣ ስልኩን ዘግተህ ንገራት። ሙሉውን በአንድ ጊዜ። ዛሬ ግማሹን፣ ከወር በኋላ ቀሪውን ካልክ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይብስባታል። የባንክና የቴሌብር ዝርዝሩን አሳያት። «ሰይጣን አሳሳተኝ» አትበላት። ከሁሉ በላይ፣ እባክህ፣ «ክርስቲያን ነሽ፣ ይቅር ማለት አለብሽ» እንዳትላት። ይቅርታው የእሷ ነው፤ ጊዜውም የእሷ ነው። ዝም ልትል፣ እናቷ ቤት ልትሄድ ትችላለች። አትከልክላት። ደመወዝህን ለጊዜው እሷ እንድትይዘው አንተው ቀድመህ ጠይቃት።

የፍልሰታውን የሆድ ሕመምም ንገራት። ከብሩ ይልቅ የሚያስለቅሳት ያ የጤና አዳም ስኒ ሊሆን ይችላል፤ እሱንም ለሌላ ቀን አታቆየው።