ቡዳ ብሎ መስደብ የግለሰብ ክፋት ብቻ ነው?

ሸክላ ሠሪን ቡዳ ማለት የጥቂት ሰዎች ክፋት ነው ወይስ ሥርዓት ያመጣው ብለህ ጠይቀሃል። ሁለቱም አለበት። ሚዛኑ የሚያጋድለው ግን ወደ ሥርዓቱ ነው ባይ ነኝ።

ያደግኩት ሰሜን ሸዋ፣ አንኮበር አካባቢ ነው። ምጣድና ጀበና የሚሸጡ አንዲት እናት ነበሩ። እናቴ ሁሌም የምትገዛው ከእሳቸው ነው። ምጣዱን በጣቷ ኳ ኳ አድርጋ፣ ድምፁን ሰምታ ትመርጣለች። ቤት ሲመጡ ግን ቡና የሚቀዳላቸው ለብቻዋ በምትቀመጥ፣ አፏ በተሸረፈ ሲኒ ነበር። እናቴ ክፉ ሰው አልነበረችም። ማንም አላዘዛትም፤ ከእናቷ ያየችውን ነው ያደረገችው። እስካሁን የሚያመኝም ይሄው ነው።

አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን፣ ማለትም እንደ ሸክላ ሠሪ ያለውን የእጅ ሙያተኛ፣ በሥራው መስደብን በአዋጅ ከልክለዋል። ስድቡ ግን አልቆመም። ለምን? አዋጁ አፍን እንጂ መሬትን አልነካማ! በርስት፣ ማለትም ከአባት ከእናት በሚወረስ መሬት፣ በሚኖርበት አገር ብዙው ባለእጅ ርስት አልነበረውም። የገጠር መሬት የሕዝብ የሆነው በ1967 ነው። እሱም ቢሆን የጋብቻን በር አልከፈተም።

ስለዚህ "እኔ ማንንም አልሰድብም" የሚልህን ሰው ስለ ስድብ አትከራከረው። ልጅህ የሸክላ ሠሪ ልጅ ላግባ ቢልህ ሽማግሌ ትልካለህ ወይ? በለው። ዝም ካለ፣ ውይይታችሁን ከዚያች ዝምታ ጀምሩ።