እጅጌው ታጥፎ የመጣው ልጅ

የሕፃናት ሕክምና ለምትማሩ ልጆች፣ ዛሬ የማወራችሁ ስለ ሜትር ነው። አዎ፣ ተጠቅልላ ኪስ ስለምትገባው።

ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንድ የአራት ዓመት ልጅ መጣልኝ። አጭር ነው። ቁመቱን ለካሁ፣ የእድገት ቻርቱ ላይ ነጥብ አኖርኩ፣ "አባቱም አጭር ነው" ብዬ ሸኘሁት። በዓመቱ ሌላ ሐኪም አይቶት የአጥንት እድገት ችግር መሆኑ ሲታወቅ ነው የሸሚዙ ነገር ትዝ ያለኝ፤ ትከሻው ላይ ልክክ ብሎ እጅጌው ግን ሁለቴ ታጥፎ ነበር። ክንዱ አጭር ነበር፤ እናቱ አውቃ ያጠፈችውን እኔ ሳላየው ቀረሁ።

ቁመት ብቻውን ያታልላል። ጨቅላ ሲወለድ ጭንቅላቱ ብቻ የርዝመቱን ሩብ ያህል ይይዛል። የላይኛው አካሉ የታችኛው 1.7 እጥፍ ገደማ ነው፣ በ3 ዓመቱ ወደ 1.3 ይወርዳል፣ 10 ዓመት አካባቢ ሁለቱ ይስተካከላሉ። ስለዚህ ዕድሜውን ሳታውቁ በምጥጥኑ (የላይኛው ከታችኛው ጋር ሲነጻጸር) አትፍረዱበት። የታይሮይድ ሆርሞን ያነሰው ልጅ ለምሳሌ ማጠር ብቻ ሳይሆን ምጥጥኑም በዕድሜ የሚያንሰው ልጅ ዓይነት ሆኖ ይቀራል።

አለካኩ ከባድ አይደለም። ታችኛው ከብልት በላይ ካለው አጥንት የላይኛው ጠርዝ እስከ ወለል ነው፤ ከቁመቱ ስትቀንሱት የላይኛው ይወጣላችኋል። ግን ያንን አጥንት መፈለግ ትንሹን ያስኮረኩራል፣ ትልቁን ያሳፍራል። እኔ በርጩማ ላይ አስቀምጬ መለካት ይቀለኛል። የበርጩማውን ከፍታ መቀነስ እንዳትረሱ (ስንቱ ረስቷል መሰላችሁ!)፣ ቁጥሩንም ከፊተኛው ጋር አታደባልቁት፣ የራሱ ቻርት አለው።

ከዚያ ግድግዳ አስደግፋችሁ እጁን አስዘርጉት፤ ከመሃል ጣት ጫፍ እስከ መሃል ጣት ጫፍ። በትንንሾቹ ከቁመታቸው ትንሽ ያንሳል፣ ጉርምስና አካባቢ ይስተካከላል፣ በኋላ በተለይ በወንዶች ጥቂት ሴንቲ ሜትር ይበልጣል። በጣም ከበለጠና ጣቶቹም ቀጭንና ረጃጅም ከሆኑ ማርፋን ሲንድረም (የሰውነትን ማያያዣ ሕብረ ሕዋስ የሚያላላ የዘር ሕመም) ይሆን በሉና ልቡንና ዓይኑን አስመርምሩ።

ጫማ አልበቃ ያለው፣ እግር ብቻ የሆነው ጎረምሳ ግን አያስደንግጣችሁ። እግር ይቀድማል፣ ከወገብ በላይ ያለው ኋላ ይደርሳል።

እና ወላጅን ጠይቁ። እኔ አሁን ሜትሬን ሳላወጣ "ልብስ ስትገዙለት ምኑ ነው የሚያስቸግራችሁ?" እላለሁ። "እጅጌው" ካሉኝ ሸሚዙን አስወልቃለሁ።