ፍልሚያው የማያስጨንቀው፣ መንደሩም ቢቃጠል የማይገደው ቡድን

ስለምትመራው የሚና ጨዋታ (ተጫዋቾች ገጸ ባሕሪ ይዘው፣ በዳይስ ዕጣ እየወሰኑ ታሪክ ስለሚፈጥሩበት የጠረጴዛ ጨዋታ) የጻፍክልኝን ጥያቄ አነበብኩት። ተጫዋቾችህ ፍልሚያውን ሁሉ እንደ ዋዛ ያሸንፋሉ። ጠላት ስትጨምርባቸው ጨዋታው ይንዛዛል እንጂ አይሞቅም። መንደር ስታቃጥልባቸው ደግሞ «ወርቁስ የት አለ?» ብለው ጠየቁህ። አንተ ሁለት ችግር አድርገህ ነው የጻፍከው። ለብዙ ዓመታት ጌም ማስተር (እንዳንተ ታሪኩንና ጠላቶቹን የሚመራ ሰው) ሆኜ እንዳየሁት ግን ችግሩ አንድ ነው፤ ጠረጴዛው ላይ ከመግደልና ካለመሞት ሌላ የሚፈለግ ነገር የለም።

ከፍልሚያው ልጀምር። የጠላትን የሕይወት ነጥብ (እስኪወድቅ ድረስ የሚችለውን ጉዳት የሚለካውን ቁጥር) መጨመር ፍልሚያውን ያስረዝመዋል እንጂ አያከብደውም። ተጫዋቹ ያንኑ ይደጋግማል፤ ዳይስ ይጥላል፣ ያደረሰውን ጉዳት ከጠላት ነጥብ ላይ ይቀንሳል፣ ተራው እስኪደርስ ስልኩን ይነካካል። የሚከብደው ሁለት ነገር ባንዴ ፈልጎ አንዱን ብቻ ማድረግ ሲችል ነው።

ምሳሌ ልስጥህ። ገደል ላይ የተዘረጋ የገመድ ድልድይ አለ። ሽፍቶቹ ስድስት ናቸው። ሁለቱ መግቢያውን በጋሻ ዘግተዋል። አንዱ ማዶ ሆኖ ገመዱን በመጥረቢያ ይቆርጣል፤ ሦስት ዙር ይበቃዋል። ሌሎቹ የንጉሡን ደብዳቤ የጫነችውን በቅሎ እየጎተቱ ነው። የቡድኑ መንገድ መሪ ቆስሎ ድልድዩ መሀል ወድቋል። ሽፍቶቹ በአንድ ምት የሚወድቁ ተራ ሰዎች ናቸው። ግን ቀስተኛው ማንን ይምታ? ገመድ ቆራጩን ወይስ በቅሎዋን የሚጎትተውን? ቁስለኛውን የሚሸከመውስ ጋሻውን መጣል አለበት። እዚህ ላይ ስልክ የሚነካ አታገኝም።

ሦስት ዙር እንደቀራቸው ደግሞ ንገራቸው። ብሌድስ ኢን ዘ ዳርክ የተባለው ጨዋታ ለዚህ ግሩም ዘዴ አለው። ክብ ትስላለህ፣ ለ4፣ ለ6 ወይም ለ8 ትከፍለዋለህ፣ አደጋው በቀረበ ቁጥር አንድ ክፍል ታጠቁራለህ። ወረቀቱን ሁሉም በሚያየው ቦታ አስቀምጠው። የተደበቀ አደጋ አያስጨንቅም፤ ሲደርስ «ሸወደን» ያሰኛል እንጂ።

ጠላትህም ነፍሱን ይወዳል። ለአንድ በቅሎ ብሎ እስከ መጨረሻው ሰው የሚያልቅ የሽፍታ ቡድን ማን ያምናል? እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው የዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ (የታዋቂው የሚና ጨዋታ) የጀማሪዎች ሕግ ለእያንዳንዱ ጭራቅ የመዋጋት ወኔውን የሚለካ፣ ከ2 እስከ 12 የሚደርስ የሞራል ቁጥር ይሰጠው ነበር። ከወገኑ የመጀመሪያው ሲሞት፣ ከዚያም ግማሹ ሲወድቅ፣ ጌም ማስተሩ ባለ ስድስት ገጽ ዳይስ ሁለት ይጥላል። ድምሩ ከሞራል ቁጥሩ ከበለጠ ይሸሻሉ ወይም እጅ ይሰጣሉ። የምትጫወቱት ሕግ ይህ ባይኖረው እንኳ መዋስ ትችላለህ። ፍልሚያው ያጥራል። የሸሸው ሰው ደግሞ ቂም ይዞ ይመለሳል፤ አዲስ ጠላት ከመፍጠር ተገላገልክ ማለት ነው።

(ብቻውን የቆመ ግዙፍ ጭራቅም አይሠራም። አራት ሰው አራት ጊዜ ሲመታው እሱ አንዴ ብቻ ይመታል። አጃቢ ስጠው ወይም በሌሎች ተራ መሀል እንዲንቀሳቀስ ፍቀድለት።)

መንደሩን በተመለከተ፣ እውነቱን ልንገርህ፤ እኔም ብሆን ወርቁን ነበር የምጠይቀው። እዚያ ማንን አውቃለሁ? ሰው በረጅም ገለጻ ያስተዋወቁትን አይወድም። ተጫዋች የሚወደው የሚጠቅመውን፣ የሚያስቀውን፣ ከሁሉም በላይ ራሱ የፈጠረውን ነው። «ጋሻህን ማን ጠገነልህ?» ብለህ ጠይቀው። «አንዲት አሮጊት አንጥረኛ» ካለህ ስሟንም እሱ ያውጣላት። ከዚያ በየጨዋታው ብቅ ትበል። በዱቤ ትጠግንለት፣ ጋሻውን ስላበላሸው ትቆጣው፣ የመንደሩን ወሬ ትንገረው። አምስት ደቂቃ አይፈጅብህም።

ስትወደድልህ ታዲያ ለመግደል አትቸኩል። የሚወዱትን ሁሉ ከገደልክባቸው ይማራሉ፤ ቀጣዩ ገጸ ባሕሪያቸው ቤተሰብም ወዳጅም የሌለው ይሆናል። እንዲያውም ወላጅ አልባ ገጸ ባሕሪ ይዞ የሚመጣ ተጫዋች፣ አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ጌም ማስተር ያቃጠለው ነው። ከሞት ይልቅ ግንኙነቱ ይጎዳ። ገመዱን የሚቆርጠው ሽፍታ የአንጥረኛዋ ልጅ ቢሆንስ? ቀስተኛው ፊቱን ያውቀዋል። አሁን ፍልሚያውና ስሜቱ አንድ ላይ መጡልህ፣ የሕይወት ነጥብም አልጨመርክም።

ከመረጡ በኋላ ግን ምርጫቸውን አትሰርዝ። በቅሎዋን ተከትለው መንገድ መሪውን ከተዉት፣ በተአምር አታድነው። ቀስተኛው ልጁን ከገደለው ሴትዮዋ ትስማ፤ ጋሻውን መጠገን ታቁም፣ ወይም ምንም ሳታውቅ ጠግና ትስጠው። የትኛው እንደሚከፋ ተጫዋቾችህን አይተህ ወስን። ካምፔይኑ (ከጨዋታ ጨዋታ የሚቀጥለው ረጅሙ ታሪክ) ሳይጀመርም እያንዳንዱን ለብቻው «ምን እንዳይነሳ ትፈልጋለህ?» ብለህ ጠይቅ። የሕፃን ሞት ወይም ግርፋት ለአንዱ ጨዋታ ላይሆን ይችላል።

የምትጫወቱት የትኛውን ሕግ ነው? ገጸ ባሕሪያቱስ ስንተኛ ደረጃ ደርሰዋል? ብትጽፍልኝ የሽፍቶቹን የሞራል ቁጥር አብረን እናወጣለን።