ማን አዳነ? «ድነት»፣ «ድኅነት» እና «ጸደቀ»

ጥያቄ፦ ለአንድ የትምህርት ጽሑፍ «ሰው በጸጋ፣ በእምነት ድነትን ያገኛል፤ ሥራ ግን የድነት ፍሬ ነው» ብዬ ጻፍሁ። ረቂቁን ሁለት ሰዎች አዩልኝ። አንደኛው «ድነት የሚባል ቃል የለም፤ ድኅነት በል» አሉኝ። ሌላኛው ደግሞ «ድኅነት ካልህ አንባቢ ድህነት ብሎ ያነብብሃል፤ ተወው» አሉ። «ደኅንነት» ብል ነገሩ ጥበቃና ስለላ ይመስላል። የቱን ልጻፍ?

መልስ፦ ከሦስቱ አንዱን መርጬ ብልክልዎ መልሱ በአንድ መስመር ባለቀ ነበር። ነገር ግን ጥያቄዎ ብዙ ዘመን ሲከነክነኝ የኖረ ነገር ስለነካ ትንሽ ይታገሡኝ።

መነሻው ግእዙ «ድኅነ» ነው፤ ከክፉ አመለጠ፣ ተረፈ፣ በሕይወት ቀረ ማለት ነው። ዘሩ ብዙ ነው። «ደኅና አደሩ?» ስንባባል የምንጠራው እርሱን ነው። በሽተኛ የሚወስደው «መድኃኒት» ከዚያው ነው፤ በሉቃስ ወንጌል መልአኩ ለእረኞቹ «ዛሬ በዳዊት ከተማ መድኃኒት እርሱም ክርስቶስ ጌታ የሆነ ተወልዶላችኋልና» ሲላቸው ያው ቃል «አዳኝ» ማለት ሆኖ ይቆማል። አማርኛ የጉሮሮውን ድምፅ ከግሱ ውስጥ ሲጥለው «ድኅነ» «ዳነ» ሆነ፤ ልክ «ርሕቀ» «ራቀ»፣ «ክሕደ» «ካደ» እንደ ሆኑ።

«ድኅነት» በአወጣጡ እንከን የለበትም። ጥምቀት፣ ዕርገት፣ ስብከት፣ ግዝረት የሚባሉትን ይመልከቱ፤ ሁለት ሳድስ፣ ከዚያ ግእዝ፣ መጨረሻው «ት»። «ድኅነት»ም በዚሁ ቅርጽ ተሰፍቶ የወጣ ነው። «ከድህነት ጋር ይምታታል» ብለው ቃሉን ሊጥሉብዎ የፈለጉት ሰው የሚያነሡት ክርክር በብዙዎች ዘንድ ይሰማል፤ እኔ ግን አልቀበለውም። ሁለቱ በጽሕፈት ቢቀራረቡም በጆሮ ይለያያሉ። የድኻው «ድኽነት» «ነት» የሚለውን ምዕላድ በመጨረሻው ስለተቀበለ «ነ»ው ይጠብቃል፤ እንደ ደግነት፣ እንደ ልጅነት። የዳነው ሰው «ድኅነት» ግን «ነ»ው የግሱ የራሱ ፊደል ስለሆነ ይላላል። ጮክ ብለው ሁለቱን ደጋግመው ይጥሯቸው፤ ልዩነቱን ምላስዎ ራሱ ያሳይዎታል። በጽሕፈትም ቢሆን አንዱን በ«ኅ» ሌላውን በ«ኽ» የሚጽፍ ሰው አይሳሳትም። የሚምታታው ሁሉንም በ«ህ» የጻፈ ነው፤ ጥፋቱ የጸሐፊው ሆኖ ሳለ ቃሉ ለምን ይቀጣ?

ስለ «ድነት» ያለኝን ደግሞ ሳልሸፋፍን ልናገር። ለብዙ ዓመታት ቃሉን ስሠርዝ ኖሬአለሁ። ክርክሬም ይህ ነበር፦ ከ«ካደ» ስም ስናወጣ «ክህደት» እንላለን፤ ግሱ የጣለውን ጉሮሮ ስሙ ይመልሰዋል፤ ስለዚህ ከ«ዳነ»ም «ድኅነት» ሊወጣ ይገባል። ጥሩ ክርክር ይመስለኝ ነበር። ከዚያ «ራቀ» መጣብኝ። ግእዙ «ርሕቀ» ነው፤ ስሙ ግን «ርቀት» ነው፤ «ርሕቀት» የሚል አማርኛ ተናጋሪ አልሰማሁም። «ናቀ»ም «ንቀት» ይላል። «ራቀ» «ርቀት»ን ከወለደ «ዳነ» «ድነት»ን እንዳይወልድ የሚከለክል ሕግ የለም። ስለዚህ «የለም» የተባለው ቃል አለ፤ በሥርዓቱም የወጣ ነው። ጆሮዬ እስካሁን አልወደደውም፤ አጭርና ባዶ ይሆንብኛል፤ ይህ ግን የእኔ ጣዕም ነው።

«ድኅነት የአንዱ ቤተ እምነት ነው፣ ድነት የሌላው» የሚለው አባባልም ይሰማል። የአጠቃቀም ልማዱ እውነት ነው፤ አንባቢም በቃሉ ጸሐፊውን ይመድበዋል። ነገር ግን ሁለቱም ከአንድ ግስ የተወለዱ ናቸው፤ በትርጉም አንዲት ፍሬ ልዩነት የላቸውም። «ደኅንነት» የተለየ ነው። እርሱ ከግሱ ሳይሆን ከ«ደኅና» የወጣ ነው፤ ደኅና ሆኖ የመኖርን ሁኔታ እንጂ ከጥፋት የመውጣትን ድርጊት አይናገርም። ለዚህ ጽሑፍ ይተዉት።

የእኔ ምርጫ ከሦስቱም አይደለም፤ «መዳን» ነው። የ1954ቱ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ በሐዋርያት ሥራ 4 «መዳንም በሌላ በማንም የለም» ይላል፤ በፊልጵስዩስ 2 «በፍርሃትና በመንቀጥቀጥ የራሳችሁን መዳን ፈጽሙ» ይላል። ንዑስ አንቀጽ ስለሆነ የግሱ ትንፋሽ አልተለየውም። ይህን የምለው ለድምፁ ስል ብቻ አይደለም። ስም ጊዜን ይገድላል፤ ግስ ግን ያኖረዋል። ጳውሎስ በሮሜ 8 «በተስፋ ድነናልና» ይላል፣ ያለፈ፤ በሮሜ 5 «በእርሱ ከቁጣው እንድናለን» ይላል፣ የሚመጣ፤ በ1ኛ ቆሮንቶስ 1 ደግሞ «ለእኛ ለምንድን» ይላል፣ ገና በመካሄድ ላይ ያለ። (ይህችን «ለምንድን» ፈጥኖ የሚያነብ ሰው ጥያቄ ትመስለዋለች፤ «የምንድን» የሚለው «ለ» ሲገባበት ነው።) «ድነት» ወይም «ድኅነት» ብለው ሲጽፉ እነዚህ ሦስት ጊዜዎች በአንድ ሣጥን ተከትተው ይዘጋባቸዋል። ከዚያ በኋላ ሰዎች «ያለቀ ነው፣ አላለቀም» ብለው ሲጨቃጨቁ ሣጥኑን እንጂ በውስጡ ያለውን አያዩም።

ከዚህ የከበደው ጉዳይ ግን ሌላ ነው። «ዳነ» አድራጊውን አይነግርም። «በሽተኛው ዳነ» ስንል ሐኪሙ አድኖት ይሁን፣ መድኃኒቱ፣ ወይስ ገላው ራሱ ታግሎ፣ ግሱ ዝም ይላል። ግሪኩ በኤፌሶን 2፥8 የሚጠቀመው ተገብሮ ነው፤ በሌላ እጅ የተደረገላችሁ ማለት ነው። በአማርኛ ግን «ተዳናችሁ» አይባልም። «ድናችኋል» ካልን አድራጊው ከዓረፍተ ነገሩ ይወጣል። የ1954ቱ ተርጓሚዎች ምን እንዳደረጉ ይመልከቱ፦ «ጸጋው በእምነት አድኖአችኋልና፤ ይህም የእግዚአብሔር ስጦታ ነው እንጂ ከእናንተ አይደለም»። ግሱን ወደ «አዳነ» ገለበጡት፤ ጸጋን ባለቤት፣ እናንተን ተሳቢ አደረጉ። ግሪኩ በቃል በቃል ጸጋን የግሱ ባለቤት አላደረገም፤ ስለዚህ «ከምንጩ ራቁ» የሚላቸው ሰው አይታጣም። እኔ ግን በአማርኛ ሰዋስው ውስጥ ሊደረግ የሚችለውን ሁሉ አድርገው የምንጩን አሳብ ያዳኑ ይመስለኛል። በዚያች ዓረፍተ ነገር ውስጥ ማን ሠራ ብሎ ለሚጠይቅ መልሱ ከፊት ተቀምጦለታል።

«ጸደቀ»ም ይህንኑ ጠባይ ይዟል፤ እንዲያውም ይብስበታል። ዛሬ ቃሉን በሦስት ቦታ እንሰማዋለን። ነፍስ ትጸድቃለች፤ የተተከለ ችግኝ ይጸድቃል፤ አዋጅ በምክር ቤት ይጸድቃል። ስሞቹ እንኳ ተለያይተዋል፦ ለነፍስ «ጽድቅ»፣ ለችግኝ «ጽድቀት»፣ ለአዋጅ «መጽደቅ»። አሁን ችግኙንና አዋጁን ጎን ለጎን ያስቀምጧቸው። አዋጅ ሲጸድቅ በወረቀቱ ላይ አንዲት ፊደል አትለወጥም፤ ትናንት ረቂቅ የነበረው ዛሬ ሥልጣን ባለው አካል ቃል ሕግ ይባላል። ችግኝ ሲጸድቅ ግን የሚያውጅለት የለም፤ ሥሩ አፈር ይይዛል፣ ቅጠሉ ይቀናል፣ ከውስጡ ይለወጣል።

ምዕራባውያን ክርስቲያኖች ለዘመናት የተከራከሩበት ነገር በእነዚህ ሁለት አማርኛዎች መካከል ያለው ርቀት ነው። ለ«አጸደቀ» የሚቆመው የግሪኩ «ዲካዮኦ» የዳኝነት ሸንጎ ቃል ነው፤ የላቲኑ «ዩስቲፊካሬ» ሲፈታ «ጻድቅ ማድረግ» ይሆናል። የፕሮቴስታንት ተሐድሶ መሪው ሉተርና ተከታዮቹ ወደ አዋጁ አዘነበሉ፦ እግዚአብሔር ኃጢአተኛውን ስለ ክርስቶስ ጻድቅ ይለዋል። የካቶሊኮቹ የትሬንት ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1547 ወደ ችግኙ አዘነበለ፦ መጽደቅ የኃጢአት ስርየት ብቻ ሳይሆን የውስጥ ሰውነት መቀደስና መታደስም ነው አለ። የእኛ «ጸደቀ» ሁለቱንም በአንድ አፍ ይላል። ስለዚህ ሁለት አማርኛ ተናጋሪዎች «ሰው በእምነት ይጸድቃል» በሚለው ቃል ተስማምተው፣ አንዱ አዋጅ ሌላው ችግኝ እያሰበ ሊለያዩ ይችላሉ። «አዋጅ ጸደቀ ማለት የጋዜጠኛ ብልሽት ነው» የሚሉ አሉ። አይደለም። በግእዙ ጽድቅ «እውነት»ም ነውና ማጽናትና ማረጋገጥ ከቃሉ ሩቅ አይደለም። እኔ በግሌ ችግኙን እወዳለሁ፤ የሮሜ መልእክት ግን ደጋግሞ «ተቆጠረለት» እያለ የሒሳብና የሸንጎ ቋንቋ እንደሚናገር መካድ አልችልም።

ስለ «ጸጋ» ጥቂት ብቻ። «ጸጋና ጽጌ አንድ ናቸው፤ ጸጋ የነፍስ አበባ ነው» ሲባል ይሰማል። ለጆሮ ያምራል፤ እውነት ግን አይደለም። ጸጋ ከ«ጸገወ» ነው፣ ሰጠ፣ በነጻ ለገሰ፤ ጽጌ ከ«ጸገየ» ነው፣ አበበ። መድረሻ ፊደላቸው ይለያል። ይልቅ የሚያሳስበኝ «ሽንፈቱን በጸጋ ተቀበለ» የሚለው የዛሬ አነጋገር ነው። ጸጋ የሰጪው ነበር፤ እዚህ ግን የተቀባዩ ጨዋነት ሆኗል። አጠቃቀሙ ሥር ስለሰደደ አልታገለውም፤ ነገር ግን «በጸጋ ዳነ» የሚለውን የሚያነብ ወጣት «በደስታ ተቀብሎ ዳነ» ብሎ እንዳይረዳው እሰጋለሁ።

«እምነት»ና «ሥራ»ም አጋሮች አሏቸው፤ «ሃይማኖት»ና «ምግባር»። በግእዙ «ሃይማኖት» ራሱ እምነት ነው፤ ከሶርያው «ሃይማኑታ» የመጣ። በአማርኛ ወደ ተቋምነትና ወደ ሥርዓት ስላደላ እምነት ብቻውን የልብ መታመንን ያዘ። «ምግባር» ከ«ገብረ» ነው፤ የሰውን የኑሮ ጠባይ ይናገራል። «ሥራ»ን ግን ዛሬ ደመወዝ ይከተለዋል። ስለዚህ ጳውሎስ በሮሜ 4 «ለሚሠራ ደመወዝ እንደ ዕዳ ነው እንጂ እንደ ጸጋ አይቆጠርለትም» ሲል አማርኛው ልክ እንደ ተሰፋ ልብስ ይገጥማል። ያዕቆብ ላይ ግን «ከሥራ የተለየ እምነት የሞተ ነው» ከሚል «ከምግባር የተለየ» ቢል እወድ ነበር፤ ጸቡ ግማሽ በግማሽ በበረደ። ግሪኩ ግን በሁለቱም ቦታ አንድ ቃል ነው። ተርጓሚው ሁለት ቃል ቢሰጠን የሐዋርያቱን ልዩነት እርሱ ፈረደ ማለት ነው፤ ስለዚህ ምኞቴን እይዘዋለሁ። «ብቻ» የሚለውን ቃልም ያስተውሉ። በአማርኛው ሮሜ 3፥28 ላይ የለም፤ «ሰው ያለ ሕግ ሥራ በእምነት እንዲጸድቅ እንቆጥራለንና» ነው የሚለው። ሉተር እ.ኤ.አ. በ1522 በጀርመንኛው ጨምሮታል፤ የቋንቋዬ ለዛ ይፈልገዋል ብሎም ተሟግቷል። «በእምነት ብቻ» የሚለው ሐረግ የሚገኘው በያዕቆብ 2፥24 ነው፤ ያውም «ሳይሆን» ተከትሎት።

የቀረችው «በ» ናት። ይህች መስተዋድድ ብዙ ሸክም አለባት። በቢላ ቈረጠ፣ የመሣሪያ ናት። በበሩ ገባ፣ የመግቢያ ናት። በገንዘብ ገዛ፣ የዋጋ ናት። ዛፍ በፍሬው ታወቀ፣ የምልክት ናት። «በእምነት» ሲባል የበሩ «በ» እንደ ሆነች ብዙዎች ይስማማሉ። «በሥራ» ላይ ነው ሰው የሚለያየው። ጳውሎስ የሚያባርረው የዋጋውን «በ» ነው፤ «ማንም እንዳይመካ» ይላልና። የያዕቆብ «በሥራ» የምልክት ናት ወይስ ከዚያ ያለፈች? ፊደሏ አትነግርዎትም፤ ምዕራፉን ሁሉ ማንበብ ግድ ነው።

አሁን ወደ ዓረፍተ ነገርዎ። «ድነት» ብለው ቢተዉት ስሕተት አልጽፍብዎትም፤ «ድኅነት»ም ቢሉ «ኅ»ን ይጠብቁ። ሁለቱ አራሚዎችዎ በአንዲት ፊደል ሲከራከሩ ያለፉት ግን «ያገኛል» የሚለውን ነው። «ሰው ድነትን ያገኛል» ሲሉ ባለቤቱ ሰው ሆነ፤ ፈልጎ ያገኘ እርሱ ነው፤ ጸጋ ደግሞ መሣሪያው ሆና ቀረች። ሊሉ የፈለጉት ተቃራኒውን ነበር። እኔ ብሆን «እግዚአብሔር ሰውን በጸጋው ያድነዋል፤ ሰውም ይህን በእምነት ይቀበላል» ብዬ እጽፋለሁ። «በእምነት በኩል» የሚለው የዛሬ አጻጻፍ አይጥመኝም፤ ሁለቱን «በ»ዎች ለመለየት ግን የሚረዳ ስለሆነ ቢጠቀሙበት አልከለክልም።

«ሥራ ግን» ያሉትን «ግን» ደግሞ ያውጡት። ኤፌሶን 2 ከ«ከሥራ አይደለም» ወደ መልካሙ ሥራ የሚሻገረው በ«ግን» አይደለም፤ «እኛ ፍጥረቱ ነንና» ብሎ በምክንያት ነው።